«እሺ፣ እናያለን» ውል አይደለም፦ ዲፕሎማሲ ሰሌዳ ላይ አጋር ስለመያዝ

ዲፕሎማሲን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 እ.ኤ.አ. ቀምሮት በ1959 ለገበያ ያቀረበው፣ ሰባት ሰው የሚጫወተው የጦርነት ጨዋታ ነው። ዳይስ አይጣልበትም፣ ካርታ አይሳብበትም። ሰሌዳው በ1901 ያለችው አውሮፓ ናት (በእኛ 1893፣ ከዓድዋ አምስት ዓመት በኋላ፤ ጣሊያን የደረሰው ሰው ሲቀለድበት የሚውለው ለዚህ ነው)። 34 የስንቅ ማዕከሎች (እያንዳንዳቸው አንድ ክፍል፣ ማለትም አንድ ጦር ወይም መርከብ፣ የሚያኖሩ ቦታዎች) አሉ፤ 18 የያዘ ያሸንፋል። በየዙሩ፣ ማለትም በየዓመቱ ጸደይና መኸር፣ ሁሉም ትእዛዙን በምስጢር ይጽፋል፣ ከዚያ ባንዴ ይነበባል። የአንዱ ክፍል ጉልበት ከሌላው ጋር እኩል ስለሆነ አንድ ለአንድ የተጋጠሙ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ። ማንንም ከቦታው ለመንቀል ድጋፍ፣ ማለትም ሌላ ክፍል ባለበት ቆሞ ጉልበቱን ማዋስ፣ ያስፈልጋል። ሦስት ክፍል ብቻ ይዞ የሚጀምር ሰው (ሩሲያ ብቻ ናት አራት ያላት) ድጋፉን ከጎረቤት ካልለመነ የትም አይደርስም።

እዚህ ዳር ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ በሚደረጉ ጨዋታዎች አጋርነትን የሚያፈርሰው ከክህደት ይልቅ ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ሰው ለሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ፈረንሳይ ጀርመንን ደረጃው ላይ ይዛ «አንነካካም አይደል?» ትላለች፤ ጀርመን «አረ ምን ሆነሻል፣ እኛማ አንድ ነን» ይላል። ተጨባብጠው ይመለሳሉ። ወረቀቱ ሲገለጥ ሁለቱም በመካከላቸው ወዳለችው ቡርገንዲ ጦር ልከው ተጋጭተዋል። እያንዳንዱ ሌላውን ከሃዲ ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም፣ ምንም አልተዋዋሉማ! «አንነካካም» ውስጥ የክፍል ስም የለም፣ የቦታ ስም የለም፣ ዙር የለም።

ውል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ጀርመን ለፈረንሳይ፦ «በ1901 ጸደይ ቡርገንዲ ማንም አይገባም። የአንቺ ፓሪስ ወደ ፒካርዲ፣ የእኔ ሙኒክ ወደ ሩር፣ ኪየል ያለው መርከቤ ዴንማርክ፣ የበርሊን ጦር ኪየል። መኸር ላይ ሩር የአንቺን ፒካርዲ ወደ ቤልጂየም ይደግፋል፤ እኔ ከኪየል ሆላንድን እወስዳለሁ።» አሁን የሚጣራ ነገር ተገኘ። ጸደዩ ሲነበብ ፓሪስ ፒካርዲ ከሌለች ውሉ ፈርሷል፣ ክርክር አያሻም። እንግሊዝ በሰሜን ባሕር መርከብ ብቻዋን ቤልጂየምን ብትሞክር 2 ለ 1 ትመለሳለች።

ግን እዚህ ላይ ጀርመን ሒሳቡን መሥራት አለበት። ፈረንሳይ ከቤልጂየም በተጨማሪ ማርሴይ ያለውን ጦር ስፔን፣ ብሬስት ያለውን መርከብ በመካከለኛው አትላንቲክ በኩል ፖርቱጋል ካስገባች ዓመቱን በ6 ማዕከል ትጨርሳለች፤ ጀርመን በዴንማርክና በሆላንድ 5 ነው። በወንድማማችነት ስም የሚያልፈው እንዲህ ያለ ልዩነት ነው ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚያርደው። ጀርመን ቤልጂየምን ይስጥ፣ ዋጋው ግን በግንባታ (ክረምት ላይ በተጨመረው ማዕከል ልክ አዲስ ክፍል በሚሠራበት ጊዜ) ይከፈል፦ ፈረንሳይ ከምትሠራቸው ሦስት ክፍሎች ፓሪስ ያለው ጦር መሆኑ ግድ ነው፣ ባሕር የለውም፤ ብሬስት ላይ ግን መርከብ ይሁን። ብሬስት ላይ የቆመ መርከብ ፊቱ ወደ እንግሊዝ ነው። ብሬስት ላይ የቆመ ጦር ግን በመጪው ጸደይ አጋር እንደሌለህ ይነግርሃል። ግንባታ ያለ ድርድር የሚካሄድ ስለሆነ የሰውን ልብ እንደ ክረምት ግንባታው የሚያሳይ የለም። ከማንኛውም ንግግር በፊት እሱን አንብቡ።

ምሥራቁም ጋ ያው ነው። ሩሲያና ቱርክ ጥቁር ባሕርን ባዶ ለማድረግ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው «አልገባም፣ አትግባ» መባባል ነው። ሁለተኛው ሴቫስቶፖልና አንካራ ያሉት መርከቦች ሆነ ብለው ወደ ጥቁር ባሕር ሄደው መጋጨት ነው፤ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ፣ ባሕሩም ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው በእጅጉ ይሻላል። በመጀመሪያው መንገድ የዋሸ ሰው ባሕሩን ያገኛል። በሁለተኛው የሚያተርፈው ቃሉን የጠበቀው ነው፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይገባል። እንዲህ ያለ፣ ቃል የጠበቀውን የሚጠቅም ውል ፈልጉ። ሩሲያ መርከቧ ሴቫስቶፖል መቅረቱ ሮማኒያን አያሳጣትም፤ ጸደይ ላይ አንድ ጦር ዩክሬን ካስገባች መኸር ላይ ዩክሬን ደግፎ መርከቡ ሮማኒያ ይገባል።

ጣሊያንና ኦስትሪያ ቱርክ ላይ የሚያብሩበት፣ ሌፓንቶ የሚባለው አካሄድ ለረዥም ውል ጥሩ መማሪያ ነው። 1901 ጸደይ፦ ሮም ወደ አፑልያ፣ ኔፕልስ ወደ አዮንያ ባሕር፣ ቬኒስ ባለበት ይጸናል። መኸር፦ አዮንያ ያለው መርከብ የአፑልያን ጦር ቱኒዝ ያሻግራል። ክረምት፦ ኔፕልስ ላይ መርከብ። 1902 ጸደይ፦ አዮንያ ያለው ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ አዲሱ ወደ አዮንያ። መኸር፦ ሁለቱ መርከቦች ተቀባብለው የቱኒዝን ጦር ሶርያ ያወርዱታል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቬኒስና ትሪየስት ኩታ ገጠም መሆናቸው ነው። ኦስትሪያ የቬኒስን ጦር እያየች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ትሪየስትን ለመጠበቅ አንድ ክፍል ታስቀምጣለች፣ ሰርቢያና ግሪክ ላይ ጉልበት ያንሳታል። ጣሊያን ከ1902 ጀምሮ የቬኒስ ጦር የት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ይናገር። ሌላው፣ ቱርክ በ1901 ክረምት ሰምርኔስ ላይ መርከብ ከሠራች ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ ያ መርከብ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሲወጣ ከጣሊያኑ ጋር ይጋጫል። የሰምርኔስ መርከብ ከታየ ጣሊያን ዕቅዱን በዚያው ዙር ይለውጥ፦ ከኦስትሪያ የግሪክ መርከብ ጋር ኤጂያን ላይ መጫን ይሻላል።

ስለ ክህደት። መክዳት ሕጉ የፈቀደው ነው፣ እዚህ ላይ መቆዘም አያስፈልግም። ጥያቄው መቼና በስንት ነው። የእኔ መለኪያ፦ በአንድ ዙር ቢያንስ ሁለት ማዕከል የማያስገኝ፣ ወይም ተጎጂው በሚቀጥለው ጸደይ የሚያስመልሰው ከሆነ አይነካ። አንድ ማዕከል ለማግኘት አጋርን መሸጥ ኪሳራ ነው፤ አንድ ክፍል ታገኛላችሁ፣ ራሳችሁን ከድሮ አጋራችሁ ለመጠበቅ ግን ሦስት ያስፈልጋችኋል። ጊዜው መኸር ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ማዕከል ባለቤቱን የሚለውጠው መኸር መጨረሻ ላይ ለቆመበት ነው፤ ጸደይ ላይ አልፎ መሄድ አይቆጠርም። መኸር የተመታ ሰው ክፍሉን ያነሳል፣ እናንተ ትሠራላችሁ፣ እሱ መልስ ሳይሰጥ ክረምት ያልፋል። ለመገንባት ግን የራሳችሁ የመነሻ ማዕከል ባዶ መሆን አለበት። ሦስቱም ላይ ክፍል አስቀምጦ የመታ ሰው ሁለት ማዕከል ወስዶ ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ ይህ ከሚታሰበው በላይ ይከሰታል።

ከመታችሁ በኋላ ደግሞ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ሁለት ክፍል ብቻ ቢቀረውም ማዕከሎቹን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። «ይቅርታ ወንድሜ» ማለት አይሠራም። ይልቅ የሚኖርበትን አንድ ማዕከል ስጡት፣ በምትኩ የተወሰነ ድጋፍ ጠይቁት።

ሰባት ሰው ሲቀመጥ 21 ጥንዶች ይኖራሉ። መመሪያው ለመጀመሪያው ድርድር 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ 15 ይሰጣል። 15 ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማዕከላችሁን በአንድ እርምጃ መድረስ የሚችሉትን ያዙ። ሩቅ ያለውን አትርሱት፦ ጀርመን ዴንማርክ ያለው መርከቡ መኸር ላይ ስዊድን ላይ ሩሲያን ተጋጭቶ ሊያስቀር ይችላል። ይህን ለቱርክ ወይም ለኦስትሪያ መሸጥ ለጀርመን ምንም አያስወጣውም፣ ለእነሱ ግን የሩሲያን አንድ ግንባታ ያስቀራል። ኮሚናል ውስጥ ሰሌዳው ካለ ድርድሩን ደረጃና ኮሪደር ላይ አድርጉት፤ ስልክ ይቀመጥ። በቴሌግራም የምትጫወቱ ደግሞ ለአንዱ የጻፋችሁት በስክሪንሾት ለሌላው እንደሚደርስ ቆጥራችሁ ጻፉ።

ትእዛዝ አጻጻፍ ላይ ብዙ ጥሩ ውል ይሞታል። «ሙኒክ ባለበት ይደገፍ» ብላችሁ አጋራችሁ ሙኒክን ሊያንቀሳቅስ ከሞከረ ድጋፉ ባዶ ነው፣ ተጋጭቶ ቢመለስም እንኳ። ወደ ቤልጂየም የተደገፈ ጦር ሆላንድ ከሄደም እንዲሁ። ድጋፍ ሰጪው ከሌላ አገር ክፍል ከተጠቃ፣ ጥቃቱ ቢከሽፍም ድጋፉ ይቋረጣል፤ የማይቋረጠው ጥቃቱ ድጋፉ ካነጣጠረበት ቦታ ሲመጣ ነው፣ ያም ደጋፊውን ካልነቀለው። ስለዚህ ሁለት አጋሮች ሲያጠቁ ሦስተኛ ክፍላቸው የጠላትን ደጋፊ ይነካካ። አሕጽሮት ላይ ተጠንቀቁ፦ «ሰሜን» ሰሜን ባሕርም ሰሜን አፍሪካም ነው፣ «ሊቨ» እና «ሊቮ» በችኮላ ሲጻፉ ሊቨርፑልና ሊቮንያ አይለዩም። ሴንት ፒተርስበርግ፣ ስፔንና ቡልጋሪያ ሁለት ሁለት ዳርቻ ስላላቸው መርከብ ሲገባ ዳርቻው ይጻፍ። የማይነበብ ትእዛዝ ባለበት እንደቆመ ይቆጠራል።

ሰሌዳ ለሌለው፦ ካርታውን ፎቶ ኮፒ ቤት በሁለት ኤ3 አሳትሞ ካርቶን ላይ መለጠፍ ይበቃል። ለጦር ቆርኪ፣ ለመርከብ የተቆረጠ ስትሮ፤ ለአንድ አገር አሥር ቆርኪና ስምንት ስትሮ አያንስም። ሰባቱን ቀለም በጥፍር ቀለም።

ቀሪው ነገር ሰዓት ነው። አንድ ዓመት፣ ድርድሩ፣ መጻፉና መነበቡ ተደምሮ፣ ወደ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ ምሳ ተበልቶ፣ 1907 ሲያልቅ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከየካ አባዶ የመጣ ሰው ከዚያ በኋላ ታክሲ ለመያዝ ይጨነቃል። ችግሩ «1907 ላይ እናቆማለን» ከተባለ በ1907 መኸር ሁሉም ሁሉንም ይከዳል፤ በቀል የሚመጣበት ዙር የለማ። የስድስት ሰዓት ድርድር በአንድ ወረቀት ይናዳል። መፍትሔው ዕጣ ነው። ከ1905 መኸር ጀምሮ በየዓመቱ መጨረሻ ሦስት የተጠቀለለ ወረቀት ይቀርባል፣ አንዱ ላይ «አበቃ» ይጻፋል። እሱ ከወጣ ብዙ ማዕከል የያዘው ያሸንፋል፤ ካልወጣ ይቀጥላል፤ 1907 ላይ ግን በግድ ይቆማል። በዚህ ሕግ በ1905 ወይም በ1906 መኸር አጋር የካደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መልሱን የመቀበል ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው፤ ለ1907 መኸር ብቻ ይህ አይሠራም፣ ያንን ዙር ሁሉም ድንበሩን ሸፍኖ ይግባበት። ዕጣውን የሚያወጣው መጀመሪያ ከሰሌዳው የወጣው ተጫዋች ይሁን፤ እሱም ሥራ ያገኛል፣ ቡናው እስኪቆላ ድረስም ሳይሄድ ይቆያል።