ከገትሪ እስከ ስቲልዋተር

አባቴ በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲማር ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ኦክላሆማ ከምትባል የአሜሪካ ክፍለ ሀገር የመጡ ነበሩ። ከዳላስ ተነሥቼ ወደ ሰሜን የነዳሁት እነርሱን ያፈራው ኮሌጅ ያለባትን የስቲልዋተርን ከተማ ለማየት ነው፤ መንገድ ላይ ግን መሬቱ ራሱ ልቤን ወሰደው።

ገትሪ በአንድ ቀን የተቆረቆረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1889 እኩለ ቀን ላይ፣ መሬቱን ለሰፋሪ በከፈተው በፕሬዚዳንት ሃሪሰን አዋጅ መሠረት፣ በድንበሩ ተሰልፎ ይጠብቅ የነበረው ሃምሳ ሺህ ያህል ሕዝብ በፈረስ፣ በጋሪና በባቡር ጎረፈ። ቀድሞ ችካል የተከለ እስከ 160 ኤከር ይይዛል፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። አምስት ዓመት ኖሮ ካለማው የራሱ ነው። ይህን ሕግ በ1862 ያጸደቁት ሊንከን ናቸው።

ከገትሪ ወዲያ ቀይ አፈርና የከብት ግጦሽ ነው። ቀያሾች አገሩን ስድስት ማይል በስድስት ማይል እየከፈሉ፣ እያንዳንዱን ክፍል 36 ቦታ ሸንሽነውታል። 16ኛውና 36ኛው ቦታ ሰፋሪ እንዳይነካቸው ለትምህርት ቤት ተከለሉ። ተማሪው ገና ሳይመጣ መተዳደሪያው ተቀመጠለት! ከዚያ የተረፈው መሬት ዛሬም ይከራያል፤ ገቢው ለትምህርት ቤቶች ይከፋፈላል። በአገራችን ለደብር የተሰጠ ጉልት ካህናቱን ያኖር ስለነበር ነገሩ ባዕድ አልሆነብኝም።

በስቲልዋተር ከ1894 ጀምሮ የቆመውን ቀይ የሸክላ ሕንፃ ዞሬ አየሁት። ኮሌጁ የተመሠረተው በ1890 ሲሆን፣ ለየክፍለ ሀገሩ የእርሻ ኮሌጅ ማቋቋሚያ የመንግሥት መሬት ከፈቀደው ከ1862ቱ የሞሪል ሕግ የተወለደ ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያ መጥተው ከጃንሆይ ጋር ተነጋገሩ። በ1951 መጨረሻ ቴህራን አቅራቢያ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በ1952 ስምምነት ተፈረመ፤ ትምህርቱ ጅማ ተጀምሮ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ኦክላሆማውያኑ እስከ 1968 አብረውን ሠሩ። ይህን ውለታ አልረሳም።

መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው። ክሪኮችና ሴሚኖሎች የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በ1830ዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ ተነቅለው የመጡት የእናንተ ይሆናል ተብለው ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1866፣ ለሌሎች ተፈናቃይ ጎሳዎች ማስፈሪያ ተብሎ ክሪኮች በኤከር 30 ሳንቲም፣ ሴሚኖሎች 15 ሳንቲም እየተቀበሉ እንዲለቁ ተገደዱ። በ1889 ተጨማሪ ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ወዲያው ለሰፋሪ ተከፈተ። የአባቴ ትምህርት ከዚህ መሬት ጋር የተያያዘ ነውና፣ ለኦክላሆማ ምስጋና ስናቀርብ እነዚህን ሁለት ሕዝቦች መዝለል ነውር ነው እላለሁ።