ደጋና ቆላ በአንድ ቀን፦ የቬንትሌተሬ ነገር

መኪናዬን ያያችኋት ታውቋታላችሁ። ገላዋ የአባቴ ላንድሮቨር ፒካፕ ነው፣ ሞተሯ የአባዱላ። 3ኤል የሚባለው፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። የራሷ ሞተር ሲያበቃለት መለዋወጫ ፍለጋ ከምንከራተት ብዬ ነው የቀየርኩት፣ አልጸጸተኝም። አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩበትም። አዲሱ ሞተር ሲቀመጥ ወደ ኋላ ራቀ፣ ትንሽም ዝቅ አለ። በቺንጋ የሚዞረው ቬንትሌተር፣ የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር የሚያናፍሰው ማራገቢያ፣ ከራዲያተሩ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ያውም መሀሉን ስቶ ቀረ። ይዞራል። ይጮሃል። አየር የሚስበው ግን ከራዲያተሩ ሳይሆን ከራሱ ከሞተሩ ዙሪያ ነው። የሞቀ አየር ማማሰል በሉት።

ሜዳ ላይ ብቻ የምነዳ ብሆን በዚሁ እኖር ነበር። እኔ ግን ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ጭነት የማመጣው ከሸዋ ሮቢት። አንዳንዴ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ማሾ። ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነስታችሁ በደብረ ሲና አድርጋችሁ ጣርማበር ዋሻ ስትደርሱ 3,000 ሜትርን አልፋችኋል። ጠዋት ውርጭ ከመስታወት ፍቀህ የወጣህበት መኪና እኩለ ቀን ላይ ሮቢት ውስጥ በሸሚዝ ያልብሃል። ከሰዓት ደግሞ 8 ኩንታል ጭነህ፣ ከፊትህ ተሳቢ ገትሮህ፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ትያያዘዋለህ። ነፋሱም ከቆላው ወደ ላይ፣ ከጀርባህ ስለሚመጣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባልህ አየር የለም። ቬንትሌተር የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። በ60 እና በ70 ስትነዳ መንገዱ ራሱ ያናፍስልሃል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ለይተውኝ ነበር። እንፋሎቱን ከሩቅ ሲያዩ ይሮጣሉ። «ጋሼ፣ እስኪበርድልህ ቆሎ ግዛኝ!» ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ሳበርድ ቆሎ ቆረጠምኩ።

መካኒኬ ሽማግሌ ናቸው። ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን እያሉ ያደጉ የድሮ ሰው። በኤሌክትሪክ የሚዞር ቬንትሌተር ላስገባ ነው ስላቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ራዲያተርህን አስጠርግ። የተደፈነ አፍንጫ በማራገቢያ አይከፈትም።»

«እርስዎ ካሉ ይሁን» ብዬ አስፈታሁት። ከላይ ሲከፈት ከቱቦዎቹ ሲሶ ያህሉ በነጭ ዝቃጭ ተዘግቷል። የየወንዙን ውኃ ስጨምርበት የኖርኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ። ተጠርጎ ንጹሕ ውኃና አንቲፍሪዝ ሲገባበት ሙቀቱ በግልጽ ወረደ። ክዳኑንም ቀየርኩት፣ 0.9 ባር የሚለውን። ይህቺ ክዳን ትንሽ ነገር አትምሰላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ንፍሮ የቀቀለ ያውቀዋል። ግፊት የማይይዝ ክዳን ካላችሁ ሞተሩ ገና ደህና ሳለ ውኃው ይፈላባችኋል። አየሩም ስስ ነው። ያው ቬንትሌተር በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያሳልፈው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ «እዚህ ብርድ ነው፣ መኪና አይሞቅም» የሚል ሰው ጣርማበርን ጭኖ አልወጣም።

ዳገቱ ላይ ግን አሁንም ትሞቃለች። ሽማግሌውም እጃቸውን ሰጡ፣ «እንግዲህ የፈለግኸውን አድርግ» አሉኝ።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ከቤት መኪና የወጡ ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሮች ገዛሁ፣ እያንዳንዳቸው 12 ኢንች። ባለ 12 ቮልት መሆናቸውን ጠይቁ፤ 24 የሆነ ገዝቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ከራዲያተሩ ኋላ አድርጌ እንዲስቡ አሰርኳቸው። ከፊት ሆኖ የሚገፋ ቬንትሌተር ራሱ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ ሌላ ቦታ ከጠፋ ብቻ ነው የሚደረገው። ራዲያተሩ ላይ ለጥፎ ማሰርም አይበቃም፤ አየር የሚያልፈው ከክንፎቹ ፊት ለፊት ባለው ክብ ብቻ ይሆናል፣ ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ። ከቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ሽፋን አሠራሁ፣ ሙሉ ራዲያተሩን የሚያቅፍ፣ በራዲያተሩና በቬንትሌተሮቹ መሀል ሦስት ጣት ክፍተት ያለው። ዳር ዳሩን በአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ዘጋሁት።

ከዚያ ፈተና። የአሥር ብር ኖት ወስጄ ከፊት ግሪሉ ላይ ለጠፍኩ። በግራ በኩል ጥብቅ ብሎ ቀረ። በቀኝ በኩል ተፈናጥሮ ጭቃ ውስጥ ወደቀ! ለካ አንደኛውን ሽቦ ገልብጬ ነው፣ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይመልስለታል። ሲዞሩ ብታዩዋቸው ሁለቱም ደህና ይመስላሉ። ብር ይዋሻል ይባላል፣ ይሄኛው ግን እውነቱን ነገረኝ።

የመጀመሪያው አሠራሬ ተራው ነው። ሙቀቱ 92 ሲደርስ የሚያበራ፣ 87 ላይ የሚያጠፋ ማብሪያ፣ አንድ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ)፣ አንድ ፊውዝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ መኪናዋ ትንገጫገጫለች። ማታ ከሆነ መብራቱ ድብን ይላል። ሲረጋጉ 26 አምፔር ይስባሉ፣ ሲነሱ ግን ለቅጽበት የዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ዳገቱ ላይ ይነሳሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይነሳሉ፣ ያጠፋሉ። በሦስተኛው ጉዞ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኑን ስከፍት የፊውዙ ቤት እንደ ጧፍ ቀልጧል፣ ፊውዙ ራሱ ግን ምንም አልሆነም። የላላ ማያያዣ እንዲህ ነው፤ ፊውዙ የሚያየው አምፔር ነው፣ የሚቀልጠው ግን መጋጠሚያው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቬንትሌተሩን የሚሳደበው ጥፋቱ የሽቦ ሆኖ ሳለ ነው። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት አለ። ቬንትሌተሩ ጫፍ ላይ ስለካ 10.9! ሦስት ቮልት ሊሞላ ምን ቀረው? መንገድ ላይ ጠፍቷል። ከፊሉን የበላው ሽቦው ነው፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር፣ በ6 ካሬ ቀየርኩት። ብዙውን የበላው ግን ኔጋቲቩ፣ ወደ ባትሪው የመመለሻው መስመር ነው። ላንድሮቨር ገላው አሉሚኒየም ነው፣ ቻሲሱ ብረት። እኔ ኔጋቲቩን ፓራፋንጎው ላይ በብሎን አስሬዋለሁ። አሉሚኒየሙ በሪቬት የተያያዘ፣ ሪቬቱ በአባቴ ዘመን የዛገ፣ መሀሉ ሁለት ሦስት እጅ ቀለም። ኔጋቲቩን በራሱ ሽቦ ቀጥታ ባትሪው ላይ ወሰድኩት። አሁን 13.2 ይደርሳል። አዲስ ቬንትሌተር ሳልገዛ የነበሩት ሌላ ሆኑ።

ከዚያ ነው የፍጥነት ነገር የገባኝ። ቬንትሌተር ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ጉልበት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ደግማችሁ አንብቡት፣ እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ግማሽ አየር በስምንተኛ ዋጋ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አምስት ደቂቃ በሙሉ ጉልበት አስጩኼ አምስት ደቂቃ አጠፋለሁ? በቀስታ ዝም ብሎ ይዙርልኝ።

ርካሹ መንገድ በሪሌ ነው። ሁለቱን ቬንትሌተሮች በተከታታይ ካገናኛችኋቸው 12 ቮልቱን ይካፈሉትና እያንዳንዱ 6 ያገኛል፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ይዞራሉ። ጎን ለጎን ስትቀይሯቸው እያንዳንዱ ሙሉ 12 ያገኛል። ሦስት ሪሌ ይበቃል፣ አንዱ ባለ አምስት እግር መሆን አለበት። «አንዱን ብቻ ለምን አላበራም?» ትሉ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። የቆመው ቬንትሌተር ቀዳዳ ሆነ፤ የሚዞረው በራዲያተሩ በኩል ከመሳብ ይልቅ በዚያ ቀዳዳ ከኋላ የሞቀውን አየር መሳብ ቀለለው። ሁለቱም በቀስታ መዞር ይሻላል። በዚህ ሁኔታ አንድ ክረምት ነዳሁ፣ ምንም አላለችኝም። ባለ ሁለት ደረጃ ለብዙ ሰው ይበቃዋል፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም።

እኔ ግን አርፌ አልቀመጥ ብዬ ፒ ደብሊው ኤም ኮንትሮለር ገዛሁ። ይሄ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያበራ እያጠፋ፣ የበራበትን ጊዜ በማስረዘምና በማሳጠር ፍጥነቱን የሚቀይር ነው። ላዩ ላይ 60 አምፔር ይላል። የገባው ሰው ይስቅብኛል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሮቢት መግቢያ ጭስ ሆነ። ስከፍተው ሁለት ሞስፌት (ኤሌክትሪኩን የሚያበሩ የሚያጠፉት)፣ ጥፍር የምታክል የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ፣ እና የስንዴ ቅንጣት የመሰለች ዳዮድ። የቬንትሌተሩ ሞተር ኤሌክትሪኩ በተቋረጠ ቁጥር የያዘውን ኃይል መልሶ ይረጫል፤ ያንን የሚቀበለው ዳዮዱ ነው። ዳዮዱ ደካማ ከሆነ ሞስፌቱ ይበላል። ጥፋቱ የኔም ነው፤ የሰቀልኩት ከጭስ ማውጫው አንድ ክንድ ብቻ አርቄ ነው፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል።

ሁለተኛውን ደህና ገዛሁ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ባለቤቴም ታነባለች። ከግሪሉ ኋላ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት ቦታ አሰርኩት። ሴንሰሩን ከሞተሩ ውኃ በሚወጣበት፣ ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ጋ አስገባሁ፤ ከራዲያተሩ ታች ብታስገቡት የሚነግራችሁ የቀዘቀዘውን ውኃ ነው፣ ሞተሩ እየተቀቀለ እሱ ሰላም ነው ይላችኋል። ቴርሞስታቴ 82 የሚል ተጽፎበታል። ቬንትሌተሩ 86 ላይ በ30 ከመቶ ይነሳል፣ እየጨመረ ሄዶ 97 ላይ ሙሉ ይሆናል። መነሻውን ከቴርሞስታቱ በታች እንዳታደርጉት፣ ሁለቱ ሲጣሉ ይውላሉ። ከ30 በታችም አላወረድኩትም። 20 ላይ ሳደርገው ቬንትሌተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፣ የማይዞር ሞተር ደግሞ ይሞቃል።

ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ አንድ ተራ ማብሪያ አለኝ። ኮንትሮለሩን ዘሎ በሪሌ ሁለቱን ሙሉ የሚያስነሳ። ከደብረ ሲና በላይ በጉም ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አምኜ የምቀር ሰው አይደለሁም። ሌላ ማጥፊያም አለ፣ ለውኃ። ሮቢ ወንዝ ሲሞላ ከመግባቴ በፊት አጠፋቸዋለሁ፤ ውኃ ውስጥ የሚዞር ክንፍ ይታጠፍና ራዲያተሩን ይፍቀዋል።

አሁን ጠዋት ደብረ ብርሃን ስነሳ ቬንትሌተሩ ጭራሽ አይነሳም። ድሮ በቺንጋ ሲዞር ብርዱንም ሙቀቱንም ሳይለይ ያናፍስባት ነበር፣ እኔም እንደ ሁሉም ሾፌር ራዲያተሩ ፊት ካርቶን እሸጉጥ ነበር። ማውጣቱን ረስቼ ደብረ ሲና የደረስኩባቸው ቀኖች አሉ። ካርቶኑ አሁን ዶሮ ቤት ገብቷል። ዳገቱ ላይ በጭነት 94 እና 95 ላይ ትቆማለች። ሙሉ ጉልበት የደረሰችው ባለፈው ግንቦት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ከተሳቢ ኋላ። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው የሚዞረው፣ ከባትሪው የሚስበው 5 አምፔር አይሞላም፣ መብራቱም አይደበዝዝም።

አንድ ያላስተካከልኩት ነገር አለ። ቬንትሌተሩ በዝግታ ሲዞር ሬዲዮው ውስጥ እንደ ንብ የሚያንሸዋሽው ድምፅ ይገባል። የሬዲዮውን ኔጋቲቭ ቀይሬ ሞከርኩ፣ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የኮንትሮለሩን ሽቦዎች ጠምዝዤ ከአንቴናው ላርቃቸው አስቤያለሁ፣ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ሽማግሌው ግን ከፍተው አዳመጡና «ንብማ ገብቶልሃል፣ ማር ስጠን» ብለውኛል።