እጅ ከፍንጅ የያዝኩት ሽሪምፕ

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ዓሣ አልሞተብኝም። ለብዙዎቻችሁ ይሄ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ትልቁ ደስታዬ ነው።

አጀማመሬ እንደ ማንም ሰው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አፓርታማዬ ባለ 20 ጋሎን አኳሪየም ገዛሁ፤ ወደ 75 ሊትር ይሆናል። ዓሣ ሳላስገባ አምስት ሳምንት ፊልተሩን አሠራሁት። ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያውም ናይትራይቱም ውሃው ውስጥ ዜሮ ሲሆኑ፣ ጋፒ የሚባሉትን ባለ ቀለም ትንንሽ ዓሦች 8 ወንድ፣ ከታች ጠጠሩ ላይ የሚኖሩትን ኮሪዶራስ ደግሞ 6 አስገባሁ። ለወራት ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ ሽሪምፕ አማረኝ። ለትልልቅ ዓሣ ምግብ ተብለው በርካሽ የሚሸጡ፣ ጎስት ሽሪምፕ የሚባሉ፣ መስታወት የመሰሉ አሉ። የተረፈ ምግብ ይለቃቅሙልኛል ብዬ 10 ይዤ መጣሁ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጠዋት የአንዱ ጋፒ ጭራ ተቀዳዶ አገኘሁት። በማግስቱ ሞተ። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ጋፒ አለቀብኝ። ሽሪምፖቹም ራሳቸው እየቀነሱ ሄዱ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ሽሪምፕ የሞተ ዓሣ እንጂ በሕይወት ያለውን አይነካም።» አመንኩ። የክንፍ መበስበስ በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ገዛሁ። መዳብ ሽሪምፕ ስለሚገድል፣ እንዳይጎዱብኝ ብዬ መዳብ የሌለበትን መረጥኩላቸው። ይሄን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ባትሪ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ጠቅልዬ ከአኳሪየሙ ፊት ተቀመጥኩ። በቀይ ብርሃን ብዙም አይደነግጡም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከእንጨቱ ሥር አንድ ትልቅ ሽሪምፕ ወጣ። ቀን ላይ አይቼው አላውቅም። ከሰውነቱ የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን እጆች አሉት፤ ጫፋቸው እንደ ወረንጦ ነው። አንድ ጋፒ ጠጠሩ አጠገብ ተኝቷል። ሽሪምፑ በአንቴናው ዳበሰው፤ ቀስ ብሎ ተጠጋ። ከዚያ ጭራውን ከሥሩ ጨመደደው። ጮኬ መስታወቱን ስመታው ለቀቀ። ባለቤቴ ደንግጣ ከእንቅልፏ ተነሳች።

ለካ ጎስት ሽሪምፕ አይደለም፤ ማክሮብራኪየም የሚባል ሌላ የሽሪምፕ ወገን ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ረጅም ክንድ» ማለት ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ለምግብ የሚረባው፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ትልቁ የወንዝ ሽሪምፕ ነው። ሕፃን ሳሉ ከጎስት ሽሪምፕ መለየት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ጋፒ ሌሊት ይተኛል፤ እሱ ደግሞ ሌሊት ነው የሚያድነው። ቅርፊታቸውን ጥለው ሰውነታቸው የለሰለሰ ሽሪምፖችንም ይበላል። የጎደሉት የት እንደገቡ ያኔ ገባኝ።

በመረብ ሦስት ሌሊት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወደ ኋላ ሲፈናጠር ዓይን አይከተለውም። ያዋጣኝ የውሃ ፕላስቲክ ነው። አንገቱን ቆርጬ ገልብጬ መልሼ ከተትኩት፤ ውስጡ የሚሰጥም የዓሣ ምግብ ጨምሬ ማታ ጠጠሩ ላይ አጋደምኩት። ጠዋት እጆቹን አጣጥፎ ውስጡ ተቀምጧል።

«ደህና አድርገህ አብላው፣ ይተዋል» የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። የእኔው በየቀኑ እየበላ ነው ይሄን ሁሉ ያደረገው። ሲገዙ እጁን ማየት ነው፤ ሁለተኛው ጥንድ እግሩ ረዘም ካለ ይቅርባችሁ። ዓሣ በሞተ ቁጥር ግን ሽሪምፕን አትክሰሱ፤ መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ። ቼሪና አማኖ የሚባሉት ትንንሽ የሽሪምፕ ዓይነቶች ጤነኛ ዓሣ አይነኩም። አሁን 12 ቼሪ አሉኝ። አዲስ የገዙትን ለብቻው አቆይቶ ማየት ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቼሪዎቹንም በቀጥታ ነው ያስገባኋቸው። ቦታ የለኝም።

ያለችኝን ባለ 5 ጋሎን አኳሪየም ለያዝኩት ማክሮብራኪየም ሰጠሁት። ልገድለው አልቻልኩም፤ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ እናንተም እንዳታደርጉት። ብቻውን ይኖራል፤ ምግብ ስጨምር ከዋሻው ብቅ ይላል። ያ ሌሊት የተረፈው ጋፒ ጭራውን እያበቀለ ነው። አዲሱ ጫፍ ገና ቀለም አልያዘም፤ መብራቱ ሲያርፍበት ወዲያ ማዶ ያሳያል።