ኤፍ ከመጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የሴሚስተር ውጤት በተለቀቀ ማግስት፣ ቢሮዬ ከሚመጡት ተማሪዎች ይልቅ የማይመጡት ያሳስቡኛል። ሲ ፕላስ አግኝቶ «ቢ ይገባኝ ነበር» የሚል ተማሪ ፈጥኖ ይመጣል፤ የፈተና ወረቀቱን አስወጥቶ፣ ነጥቡን ደምሮ፣ ተከራክሮ ይሄዳል። ኤፍ የመጣበት ግን መንገድ ላይ ሲያየኝ እንኳ አቅጣጫ ይቀይራል። ወሎ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ መምህርነትና በተማሪዎች አማካሪነት በቆየሁባቸው ዓመታት እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር፣ ብዙውን ተማሪ ከትምህርት ገበታው የሚያስነሣው ከኤፉ ይበልጥ ኤፉን ተከትሎ የሚመጣው የሦስትና የአራት ሳምንት ዝምታ መሆኑን ነው። ለወደቀ ተማሪ የተቀመጡት መብቶች ሁሉ የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ቀኑ ሲያልፍ መብቱም አብሮ ያልፋል።

ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ከኩታበር፣ ከተንታ ወይም ከወገልጤና ገጠር የመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው ለራሱ ብቻ አይደለም። በግ ተሽጦ ብርድ ልብስና ሻንጣ ተገዝቶለታል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎለታል፣ ታናናሾቹ የእሱን ስም እየጠሩ እንዲያጠኑ ተመክረዋል። በዚያ ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት በራሱ ከባድ ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታትም ቁጥሩ ከመቶ አሥሩን አልሞላም። ከዚህ ወንፊት አልፎ የገባ ልጅ፣ ወይም በሪሜዲያል ፕሮግራም (ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ በሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት) ተጨማሪ ተፈትኖ የተረፈ ልጅ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር «ጄኔራል ፊዚክስ፦ ኤፍ» የሚል መስመር ሲያይ፣ የሚሰማው የአንድ ኮርስ ውጤት መበላሸት ሳይሆን የአንድ ቀዬ ተስፋ በእጁ ላይ የተሰበረ ያህል ነው። ስለዚህ ይደብቃል። እናቱ ስትደውል «ደህና ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል፤ ይህን ካለ በኋላ ደግሞ እውነቱን መናገር በየሳምንቱ እየከበደው ይሄዳል።

ኤፍ የሚያስከትለውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተማሪው ከሚፈራው በአንድ በኩል ያነሰ፣ በሌላ በኩል የበለጠ ነውና። አብዛኞቹ ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የወደቀ ተማሪ ኮርሱን ለመድገም እስከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሴሚስተር መጠበቅ ሊኖርበት ነው። የወደቀው ኮርስ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድን ያላለፈ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁለተኛውን መውሰድ አይችልም፣ ሁለተኛውን የሚጠይቁት የትምህርት ክፍሉ ኮርሶችም አብረው ይዘገያሉ። የፍሬሽማን (የመጀመሪያ) ዓመት ከሆነ፣ የትምህርት ክፍል ምደባው ውጤትን መሠረት ያደረገ ውድድር በመሆኑ የሚፈልገው ዘርፍ ሊያመልጠው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያላለቀ ኮርስ ያለበት ተማሪ ከባቹ ጋር ለፈተናው መቀመጡም ሆነ መመረቁ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። አንድ ዓመት በተጨመረ ቁጥር የወጪ መጋራት ዕዳውም ይጨምራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ «ሕይወቴ አበቃ» የሚለው የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ከምንም በላይ ተማሪዎችን ሲያረጋጋ ያየሁት ይኸው ነውና። 30 ክሬዲት አወር (የኮርሶች ክብደት መለኪያ) የወሰደና ሲጂፒኤው፣ ማለትም አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ፣ 1.75 የሆነ ተማሪ እናስብ። በክሬዲቱ ሲባዛ ያለው የግሬድ ነጥብ 52.5 ነው። ከነዚህ ኮርሶች አንዱ፣ 4 ክሬዲት ያለው፣ ኤፍ ነው። ይህ ተማሪ ወደሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት፣ ወደ 2.0፣ ለመመለስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በቀጣዩ ሴሚስተር 18 ክሬዲት አዳዲስ ኮርሶች ወስዶ፣ አማካይ ውጤቱን ወደ 2.42 ገደማ ማድረስ ነው፤ ይህም ማለት በተግባር በሁሉም ኮርሶች ሲ ፕላስ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ያንን አንድ ኮርስ ብቻ ደግሞ ሲ ማምጣት ነው። ሲ በአንድ ክሬዲት 2 ነጥብ ስለሆነ ለ4 ክሬዲቱ 8 ነጥብ ይጨመርለታል፣ 60.5 ለ30 ሲካፈል 2.02 ይሆናል። ሲ ፕላስን በስድስት ኮርሶች ለማምጣት ከመታገል፣ ከዚህ በፊት ሙሉ ሴሚስተር የሰማውን አንድ ኮርስ በሲ ማለፍ እጅግ የቀለለ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው አዲሱ ውጤት በአሮጌው ቦታ ሲተካ ስለሆነ፣ የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ ስለተደገመ ኮርስ ምን እንደሚል ሬጅስትራር ሄዳችሁ በጽሑፍ አንብቡ፤ ዶርም ውስጥ የሚወራውን አትመኑ። ወረቀት ላይ ይህንን ስንሠራ ተማሪው ፊት ላይ የማየው ለውጥ ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጣል፤ የፈራው ነገር ቁጥር ሆኖለታልና።

ስለዚህ ውጤት በተለቀቀበት ሳምንት መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፈተና ወረቀትን ማየት ነው። ነጥብ ሲደመር የሚሳሳት መምህር አለ፣ የአሳይመንት ውጤት ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን ግን አጭር ነው። ውጤቱ ኤፍኤክስ (ዳግም ፈተና የሚያስፈትን ውድቀት) ከሆነ፣ የዳግም ፈተናው ቀን መቼ እንደሆነ በዚያው ቀን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኤፍኤክስን እንደ ኤፍ ቆጥረው ወደ ቤታቸው የሄዱና የዳግም ፈተናው ያለፈባቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከዚያ ኮርሱ በየትኛው ባች፣ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ጠይቆ በአድ (ኮርስ መጨመሪያ) ጊዜ መመዝገብ ነው። ሌላ ትምህርት ክፍል ያንኑ ኮርስ በሌላኛው ሴሚስተር የሚሰጥበት አጋጣሚም ስላለ፣ ዲፓርትመንት ኃላፊውን መጠየቅ አይከፋም። የታመመ ወይም በቤተሰብ ችግር መማር ያልቻለ ተማሪ ደግሞ የዊዝድሮዋል (ትምህርት አቋርጦ የመውጫ) ፎርም ሞልቶና አስፈርሞ ይውጣ። ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ የሄደ፣ በኋላ ሲመለስ የሕክምና ማስረጃው እያለው እንኳ ፋይሉ ላይ ያለ ፈቃድ የጠፋ ተብሎ ይጠብቀዋል።

ለምን ወደቅሁ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ተማሪውም መምህሩም ይቸኩላሉ። ተማሪው «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ይላል፣ መምህሩም ብዙ ጊዜ ይስማማል። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሒሳብ ኮርስ ወድቆ ኢንተግሬሽን ፈጽሞ እንደማይገባው ነግሮኝ ወረቀቱን አብረን አየን። የኢንተግሬሽን ሕጎቹን በትክክል ነበር የሚጠቀመው። የሚሳሳተው ከዚያ በፊት ነው፤ አንድ ለኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል፣ 1/(x+2)፣ የሚለውን ክፍልፋይ፣ አንድ ለኤክስ ሲካፈል እና አንድ ለሁለት ሲካፈል፣ 1/x + 1/2፣ ብሎ ለያይቶታል። በኤክስ ቦታ 2 እንዲያስገባ ጠየቅሁት። በመጀመሪያው አንድ አራተኛ መጣለት፣ በሁለተኛው አንድ ሙሉ። ወረቀቱን አዙሮ ደጋግሞ አየው፤ ከዚያ ሌሎቹን ጥያቄዎች ራሱ እየመረመረ ያንኑ ስሕተት በየቦታው አገኘው። የጎደለው የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ሃንዳውት አሥር ጊዜ ቢያነብ አይሞላለትም ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ ተውሶ ክፍልፋይና ፋክተራይዜሽን ላይ ጥቂት ሳምንታት ሲሠራ ግን ኮርሱ ተከፈተለት።

በእኛ አካባቢ ይህ ክፍተት ተጨማሪ ምክንያት አለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሰላሙ ባልረጋባቸው ወረዳዎች የተቆራረጠ ትምህርት ተምረው የመጡ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ያላለፉትን ኮርስ «አልቻልኩም» ብለው ሲጽፉት፣ ያልተማሩት እንደነበር ማንም አይነግራቸውም። የቋንቋውም ነገር አለ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲያብራራ የሚሰማውን ለመረዳት ግማሹን አቅም የሚጨርስ ተማሪ፣ ለትምህርቱ የሚቀረው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የምመክረው ከክፍል በፊት የዕለቱን ርዕስ በአማርኛ ጓደኛው እንዲያስረዳው፣ ከዚያ ክፍል ገብቶ በእንግሊዝኛ እንዲሰማው ነው። ቅደም ተከተሉ መለወጡ ብቻ ትልቅ ልዩነት ሲያመጣ አይቻለሁ።

ኮርሱን ከታች ባች ጋር መድገም ያሳፍራል። ይህን ማሳነስ አልፈልግም፤ ትናንት ፍሬሽ ሲላቸው ከነበሩት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ጉዳቱን ያባብሰዋል፦ ኋላ ይቀመጣሉ፣ ሌክቸሩን «ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ» ብለው ይቀራሉ፣ ለፈተና ብቻ ይመጣሉ፣ በዚያውም ዳግም ይወድቃሉ። የተሳካላቸው ተማሪዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ከአዲሱ ባች አንድ ሁለት ጓደኛ ያፈሩና አብረዋቸው ያጠናሉ። ደጋሚው ከእነሱ ቀድሞ ኮርሱን ያየ ስለሆነ ለእነሱ የሚያስረዳው ነገር አያጣም፣ ሲያስረዳም ያልገባው ቦታ ራሱ ይገለጥለታል። የቆዩ ፈተናዎችንና ወርክሺቶችን መልሱን ሳያዩ በእጅ መሥራትም ከማንበብ ይልቅ ይጠቅማል፤ ሲያነቡት የሚገባ ሲሠሩት የማይወጣ ነገር ብዙ ነውና።

ለቤተሰብ መናገርን በተመለከተ አንድ ያየሁትን ልጥቀስ። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ደሴ መጡና፣ ልጁ ብቻውን መናገር ስላልቻለ እኔ ባለሁበት እንዲነግራቸው ተስማማን። ከመምጣታቸው በፊት የሚናገረውን ወረቀት ላይ አዘጋጀን፦ የትኛው ኮርስ እንደወደቀ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ መቼ እንደሚደግመው። ሲነግራቸው ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቱ እስኪጨርስ ዝም ብለው ሰሙትና፣ «አብሽር ልጄ፣ ጤና ይስጥህ እንጂ። ታዲያ መቼ ነው ደግመህ የምትፈተነው?» አሉት። ልጁ ለወራት የፈራው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱም በእጁ ላይ ነበር። ሁሉም ወላጅ እንዲህ እንደማይመልስ አውቃለሁ። የሚቆጣ አለ፣ ወጪውን የሚያነሣ አለ። ለዚያ ዓይነቱ ቤት በመጀመሪያ ለአጎት ወይም ለታላቅ እኅት ነግሮ እነሱ እንዲገቡበት ማድረግ ይሻላል፤ ወሎ ውስጥ ነገር በሽማግሌ ይለሰልሳል። ዋናው ግን ወሬው ብቻውን እንዳይሄድ፣ ከመመለሻው ዕቅድ ጋር አብሮ እንዲነገር ነው።

እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከዶርም መውጣት ያቃተው፣ ከዚያም አልፎ ራሱን ስለመጉዳት የሚያስብ ተማሪ ካለ፣ የኮርሱ ጉዳይ ይቆየው። ዛሬውኑ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ሥነ ልቦና አማካሪው ይሂድ። የዶርም ጓደኞችም እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ ብቻውን አይተዉት።

ውጤቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚያስወጣ የሆነበት ተማሪም አለ፤ እሱም ቢሆን በሪአድሚሽን የመመለስ ዕድሉን አጥርቶ ሳይጠይቅ መሸኛ አይቀበል። በደሴና በኮምቦልቻ የቀን ሥራ እየሠሩ፣ ቤተሰቦቻቸው አሁንም ተማሪ ናቸው ብለው የሚያምኑ ወጣቶች አውቃለሁ። ሥራው ክብር ያለው ነው፤ የሚጎዳቸው የሪአድሚሽን ማመልከቻ ቀን በዚያ ሽሽግ ኑሮ ውስጥ ማለፉ ነው።

ከትምህርት ክፍሎችም የምጠብቀው አለ። ውጤት ስንለቅ ውጤቱን ብቻ እንለጥፋለን፤ የቅሬታ ማቅረቢያው፣ የዳግም ፈተናው፣ የአድ ምዝገባው ቀን በሌላ ማስታወቂያ፣ በሌላ ሰሌዳ፣ አንዳንዴም ተማሪው ቤቱ ከሄደ በኋላ ይወጣል። እነዚህ ቀናት ከውጤቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ፣ በባቹ የቴሌግራም ቻናልም ላይ ጭምር፣ በዚያው ሰዓት መውጣት አለባቸው። አማካሪውም ኤፍ ወይም ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ያለባቸውን ተማሪዎች ዝርዝር ተቀብሎ እያንዳንዳቸውን በስልክ ይጥራ፤ የሚፈራ ልጅ በሩን እስኪያንኳኳ መጠበቅ ማለት ቀኑ እንዲያልፍበት መፍቀድ ነው። እኔ ያለሁበት ክፍል ባልደረቦች ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ይህንን ለማድረግ ተስማምተናል፤ በሌሎች ክፍሎች ያላችሁ መምህራንም ውጤት ከማስገባታችሁ በፊት በስብሰባችሁ እንድታነሡት እጠይቃለሁ።