ሻርፕ ከደሴ ወደ አውሮፓ ለመላክ፦ ያስቸገረኝ ጥለቱ ነው

ደሴ የተሸመነ የጥጥ ሻርፕ አውሮፓ ለማስገባት ወረቀቱ የሚወራለትን ያህል ከባድ አይደለም። የላኪነት ፈቃድ ይወጣል፣ ከገዢው ጋር ውል ይፈረማል፣ ውሉ ይመዘገባል፣ ናሙና ይላካል። ይህን ማንኛውም የጉምሩክ አስተላላፊ ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ የጥለቱን ጉዳይ ነው። ናሙናው የወደቀብኝ በጥለቱ ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚሞክረው ሰው እዚያው ቦታ እንዳይቆም ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ገበያው። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎአ (ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል) አስወጥታለች። ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነጻ መብትም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ለሁሉም አገር ዘግታዋለች፤ በፖስታ አንድ ሁለት ሻርፕ እየላኩ መሸጥ እንደ በፊቱ አያዋጣም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ላላደጉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥ ያስገባል። ሌላው በሻርፕ ላይ 8 በመቶ ሲከፍል እኛ ዜሮ ነን። በዚህ ብቻ ተመክቶ መነሳት ግን አይገባም፤ ባንግላዴሽም በዚያው በር ነው የገባችው። የልብስ ንግድ የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ካበቃ ወዲህ በዓለም ልብስ ንግድ ቻይና፣ ባንግላዴሽና ቬትናም ከመሪዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ዓለም ከሚጠቀመው ጭረት (ክር የሚፈተልበት ቃጫ) ከግማሽ በላዩ ደግሞ ፖሊስተር ነው። በዋጋ ከእነሱ ጋር የሚገጥም ሸማኔ የለም። የእኛን ሻርፕ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለእጅ ሥራነቱና ለጥጥነቱ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ላይ «ጥጥ» ብለን ከጻፍን እውነት መሆን አለበት።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድሩ የፋብሪካ ጥጥ ነው፣ ማጉም ፈትል ወይም የፋብሪካ ጥጥ ነው፤ ከገበያ የሚገዛው የጥለት ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ አይደለም። ሬዮን (ቪስኮስም ይባላል) ነው፣ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ምክር ልጠይቅ በሄድኩበት ቢሮ የተነገረኝ «የሸማ ውጤት በሙሉ መቶ በመቶ ጥጥ ነው፣ እንደዚያ ብለህ ጻፍ» የሚል ነበር። ይህ ስህተት ነው፤ ዛሬም ለሌላው ሰው እየተነገረ መሆኑ ያናድደኛል። የአውሮፓው የጨርቃጨርቅ ስያሜ ደንብ (ቁጥር 1007/2011) ሁለት የተለያዩ መቶኛዎች አሉት፤ ሰዎችም ያደባልቋቸዋል። 2 በመቶው በሥራ ሂደት ሳይታሰብ ለሚቀላቀል ባዕድ ጭረት የተፈቀደ ነው፤ ሆን ተብሎ የሚገባ ጥለት በዚህ አይሸፈንም። 7 በመቶው ግን ለጌጥ ብቻ የገባ፣ በዓይን የሚታይና ተለይቶ ሊወጣ የሚችል ጭረትን ይመለከታል፤ ከዕቃው ክብደት ከዚያ ካላለፈ ባይጠቀስም ይፈቀዳል።

ይህን በሚዛን እንየው። ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ሻርፕ 1.4 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 120 ግራም ከሆነ ጠቅላላው 168 ግራም ይመዝናል። 7 በመቶው 11.8 ግራም ገደማ ነው። በሁለቱም ጫፍ ሰፋ ያለ ጥለት ያለው ሻርፕ ይህን በቀላሉ ያልፋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሸማኔው ጥለት ከመጀመሩ በፊት የጥለቱ ክር ይመዘን፣ ሲጨርስ የተረፈው ይመዘን። የወርቅ መመዘኛ የምትመስለዋ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። ካለፈ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ጭረቶቹን በሙሉ ከነመቶኛቸው ከብዙው ወደ ጥቂቱ መጻፍ፣ ወይም ጥለቱንም ጥጥ ማድረግ። እኔ ሁለተኛውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ «88 በመቶ ጥጥ፣ 12 በመቶ ቪስኮስ» የሚል ሻርፕ በእጅ ሥራ ዋጋ አይሸጥም።

ክሩ ምን እንደሆነ ነጋዴውን ብቻ ጠይቆ ማመን አይበቃም። እሳት ሲነካው ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ከሠራ ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ነው። ሬዮንን ግን እሳት አይለየውም፣ እንደ ጥጥ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። እሱን የሚያጋልጠው ውሃ ነው፦ ክሩን አርጥቦ መሳብ። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፣ ሬዮን ግን በቀላሉ ይበጠሳል።

ጥለቱን ጥጥ ማድረግ ማለት ክሩን ማቅለም ማለት ነው፤ ናሙናው የወደቀውም በማቅለሙ ነው። ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ቀዩ ጥለት ነጩን ጨርቅ ምን ያህል እንደቀባ የሚያሳይ ከ1 እስከ 5 ያለ ደረጃ ነው (5 ማለት ምንም አልቀባም ማለት ነው)። ገዢው የጠየቀው 4 ነበር፣ የመጣው 2። ቀለሙ የተገዛው በላስቲክ ተቋጥሮ ከሚሸጠው፣ ስምም ወረቀትም ከሌለው ነው። «ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይይዛል» የሚለው ምክር ለጥጥ አይሠራም፤ በእሱ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። ለጥጥ የሚያስፈልገው ከጥጡ ጋር የሚያያዘው፣ ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ነው፤ ከሻጩም «አዞ» (azo) ከሚባሉት የኬሚካል ቀለሞች የተከለከሉት እንደሌሉበት የሚያሳይ ወረቀት መቀበል ግድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከእነዚህ ቀለሞች የሚወጡት አሚን የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎች በኪሎ ከ30 ሚሊ ግራም በላይ ከተገኙ ዕቃው አይሸጥም።

ለ1 ኪሎ ክር የያዝነው አሠራር ይህ ነው። ክሩ በቱባ እንደሆነ በሳሙናና በጥቂት ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል፤ የጥጡ ሰም ካልወጣ ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። ከዚያ 20 ሊትር ውሃ፣ ለደማቅ ቀይ 40 ግራም ቀለም። ውሃው 60 ዲግሪ ላይ እንዳለ 1.2 ኪሎ ጨው በሦስት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ 400 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው ተበጥብጦ ይጨመራል፤ ክሩ ሳይቆም እየተገለበጠ 60 ደቂቃ ይቆያል። ሶዳው ቀድሞ ከገባ ቀለሙ ክሩን ሳያገኝ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ይበላሻል።

ሰው ሁሉ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ከገባው ቀለም ግን የማይናቅ ክፍል ከጥጡ ጋር አይያያዝም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን የሚቀባውም እሱ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም በሙቅ ይለቅለቃል፣ በጥቂት ኮምጣጤ የሶዳው ኃይል ይሰበራል (የኮምጣጤ ጥቅሙ ይህ ብቻ ነው)፣ ከዚያ በሊትር 2 ግራም ሳሙና ገብቶበት ይፈላል። መመሪያዎቹ 15 ደቂቃ ይላሉ። ደሴ ላይ ይህ አይበቃም፤ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ 25 ደቂቃ፣ ለቀይና ለጥቁር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሁን። መለቅለቁ የሚያበቃው ውሃው ጠርቶ ሲወርድ ነው። ያ ሁሉ ጨውና ቀለም ያለበት ውሃ ቦርከና ውስጥ መደፋት የለበትም፤ ታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትና አትክልቱን የሚያለማበት ወንዝ ነው።

ላቦራቶሪ ከመክፈል በፊት እቤት መፈተሽ ይቻላል። ከተሸመነው ላይ 10 በ4 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በልኩ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሰፋበታል፣ በ40 ዲግሪ ውሃ በሊትር 4 ግራም ሳሙና ግማሽ ሰዓት ይታሻል፣ ሁለቱ ተለያይተው ጥላ ውስጥ ይደርቃሉ። ነጩ ጨርቅ በቀን ብርሃን ካልታጠበው ጋር ተያይዞ ሲታይ ሮዝ ነገር ካለበት ናሙናው አይላክ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ አሥር ጊዜ ማሸትም ይጠቅማል፤ በደረቁ የሚያልፍ ብዙ ቀለም በእርጥቡ ይወድቃል።

ጨርቁ ታጥቦ ስለ ማጠሩ ባጭሩ፦ በእጅ የተሸመነ ሳሳ ያለ ጥጥ ሲታጠብ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያጥራል። ሻርፑ አስረዝሞ ይሸመን፣ ዘርፉ ከመቋጨቱ በፊት ይታጠብ፣ የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። በክረምት፣ ጭጋጉ በወረደ ሰሞን፣ የደረቀ የመሰለ ሻርፕ በላስቲክ ታሽጎ ይሻግታል፤ ለመስከረም ጭነት የሚሆነው በሰኔ መግቢያ ታጥቦ ቢያልቅ ይሻላል።

የቀረው ሻርፑ የኢትዮጵያ መሆኑን ለአውሮፓ ጉምሩክ የሚገልጸው የመነሻ አገር መግለጫ ነው፤ ይህም በዚያው በክሩ ላይ ይወሰናል። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካላለፈ ማንኛውም ላኪ ራሱ ደረሰኙ ላይ ይጽፈዋል፤ ካለፈ ሬክስ (REX) በሚባለው የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት ተመዝግቦ ቁጥር መያዝ ግድ ነው። ጥጡ ከእርሻው ጀምሮ፣ ሌላውም የገባበት ሁሉ የኢትዮጵያ ከሆነ የሚጻፈው «ፒ» (P) የሚለው ፊደል ነው። ክሩ ወይም ቀለሙ ከውጭ መጥቶ ሽመናውና ማጠናቀቁ እዚህ የተሠራ ከሆነ «ደብሊው» (W) ተብሎ 6214 የሚለው የሻርፕ የጉምሩክ ቁጥር ይከተለዋል። ሁለቱም ከቀረጥ ነጻ ያስገባሉ፤ ያልሆነውን መጻፍ ግን ማጣራት ሲመጣ ገዢውን ያስከፍላል። ስለዚህ የድሩ ጥጥ ከየት እንደመጣ ክሩ ሲገዛ በጽሑፍ ይጠየቅ። መግለጫው የሚያገለግለው 12 ወር ነው፣ ሰነዱ ግን ከተጻፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። ከእያንዳንዱ የቀለም ድስትም ጥቂት ክር ከነቀኑና ከነመጠኑ ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ እዚያው ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ገዢው «ያንኑ ቀይ» ብሎ ሲያዝ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።