መቼ ነው የምትተነፍሰው?

የብሉዝ ሊድ ጊታር (ዜማውንና ሶሎውን የሚይዘውን) እችላለሁ ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። ፔንታቶኒክ ስኬሉን፣ ያንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ በጊታሩ አንገት ላይ በአምስቱም ቦታ ሸምድጃለሁ። ጣቶቼ ፈጣን ናቸው። ቤት ውስጥ ከሜትሮኖም ጋር ስለማመድ ለራሴ ማጨብጨብ ነው የቀረኝ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር ጃም (ያለ ዝግጅት አብሮ መጫወት) ወጣሁ። ቀስ ያለ ብሉዝ ነው፣ መነሻ ድምፁ ኤ። ተራዬ ሲደርስ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። 24 ባር (ባር የዘፈን መለኪያ ክፍል ነው) ሙሉ እጄ አንዴም አላረፈም። ስጨርስ አድናቆት ጠብቄ ዞር አልኩ። ድራመሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቤዝ የሚጫወተው ሰውዬ ብቻ ጠጋ ብሎ «መቼ ነው የምትተነፍሰው?» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን የምሩን ነበር። አየር ሳብ አድርግ፣ እያወጣህ ተጫወት፣ ትንፋሽህ ሲያልቅ እጅህም ይቁም አለኝ። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ወደደም ጠላም ያርፋል። ጊታር ግን ሳንባ የለውም፤ ካላስቆሙት አይቆምም። በዚያ ሳምንት የተጫወትኩትን ሳዳምጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶሎዬ ውስጥ ነጥብና ሰረዝ ሰማሁ።

ሌላም ነገር አሳየኝ። ብሉዝ ውስጥ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ ከዚያ በሦስተኛው ይዘጋዋል። እያንዳንዱ አራት ባር ነው፣ ሲደመር 12። ድምፁ ግን አራቱን ባር አይሞላም፤ ግማሽ ያህሉን ይይዝና የቀረውን ለጊታር ይተዋል። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው እያወራ ጣልቃ የሚገባው ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ወደ ጋሼ የወሰደኝም ይኸው ቤዚስት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጊታር ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። «እስቲ ተጫወት» አሉኝ። ጥቂት ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

«ሦስተኛው ክር፣ ሰባተኛው ፍሬት። እሷን ብቻ።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ እሷን ብቻ።»

ፍሬት አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር ነው፤ ያቺ ኖታ ዲ ነች። በቤንድ፣ ማለትም ክሩን ወደ ጎን በመግፋት፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ስትል ኢ ትሆናለች። ኢ ደግሞ እዚያው አጠገቧ፣ ሁለተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ እሷን አስመቱኝ፣ ቀጥሎ ዲን እየገፋሁ እንድደርስባት። አልደረስኩም። ደግሜም አልደረስኩም። ለዓመታት ኢ ነው ስለው የኖርኩት ቤንድ መንገድ ላይ ነበር የሚቀረው። በፍጥነት ስለምጫወት ጆሮዬ አልያዘውም። ከፈጣን እጅ ኋላ ብዙ ነገር ይደበቃል።

ችግሩ በጣት ጉልበት መግፋቴ ነበር። ጋሼ እጄን ይዘው አስተካከሉት። አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ ይወጣል። የቀለበት ጣት ክሩን ይጫናል፣ መሀል ጣትና አመልካች ጣት እዚያው ክር ላይ ከኋላ ያግዙታል። ከዚያ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ የሚዞረው የእጅ አንጓ ነው፣ የበር እጀታ እንደሚዞረው። በዚያው ደቂቃ ኢ መጣች። በጨለማ፣ ሳያዩ፣ ሁልጊዜ እንድትመጣ ግን ሁለት ወር ያህል ፈጀብኝ።

ስለ ቫይብራቶ፣ ኖታን ይዞ ስለማወዛወዝ ሲሆን የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢ.ቢ. ኪንግን ያነሱ ነበር። ቢ.ቢ. ኪንግ ዘመዱ ቡካ ኋይት የሚጫወተውን የስላይድ ጊታር (ክሩ ላይ ብረት ወይም ጠርሙስ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት) ድምፅ ወድዶት፣ ስላይድ ግን እጁ ላይ አልሆንለት ስላለ ነው ጣቱን ማንቀጥቀጥ የጀመረው። ያ ወዲያው የሚታወቀው ድምፁ ካለመቻል የመጣ ነው ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ። የኔ ቫይብራቶ ያን ጊዜ የተጨነቀ ሰው የሚንቀጠቀጥ ይመስል ነበር። «በሪትሙ አወዛውዘው እንጂ በፍርሃት አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ትንሿን ቤንድ ነው። ሦስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ሲ ነው። ለማለት ያህል ብቻ ገፋ ሲያደርጉት ሲ ሻርፕ (ከሲ ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው) ሳይደርስ መሀል ላይ ይቀራል። ሲ ኀዘን ነው፣ ሲ ሻርፕ ደስታ፤ መሀሉ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ፒያኖ ላይ ለዚህ ድምፅ ቁልፍ የለም። ጋሼ ይቺን ኖታ ሲመቱ ፊታቸው ትንሽ ይኮማተራል። ሳያስቡት ነው መሰለኝ።

ኮርዶቹን፣ ከሶሎው ሥር አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ማዳመጥ የጀመርኩትም ያን ሰሞን ነው። በፊት አንድ ስኬል ይዤ በሁሉም ላይ እሮጥ ነበር። ኤ ሰቨን የሚባለው ኮርድ ውስጥ ሲ ሻርፕ አለ፤ በአምስተኛው ባር ዲ ሰቨን ሲመጣ ያው ድምፅ ግማሽ ወርዶ ሲ ይሆናል። አራተኛው ባር ላይ ሲ ሻርፕ ይዞ መቆየት፣ አምስተኛው ሲገባ ወደ ሲ መልቀቅ፤ ይሄው ነው። ሁለት ኖታ ብቻ ነው፣ ግን ኮርድ የሚመታ ሰው ባይኖር እንኳ ሰሚው ዘፈኑ መዞሩን ያውቃል።

የሞኝነቴን ላውራ። የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን 13 የሚባለውን ወፍራም ክር ይጠቀም እንደነበር አነበብኩና እኔም ገጠምኩ። ድምፅ ወፍራም የሚሆነው ክር ሲወፍር መስሎኛል። እሱ ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ እንደሚቃኝ ግን ልብ አላልኩም፤ ሲወርድ ክሩ ይላላል። በሦስተኛው ቀን የጣቴ ጫፍ ተላጠ። አንድ ሳምንት ጊታር ሳልነካ ከረምኩና ወደ ቀጭኑ፣ ወደ 10 ተመለስኩ።

አስተማሪዎቼ ያልተስማሙበት ነገርም ነበር። ቤዚስቱ የጌቶቹን ሶሎ አንድ ኖታ ሳታስቀር ቅዳ ይላል። ጋሼ ደግሞ ስማ፣ አዚመው፣ ከዚያ እርሳው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ሞከርኩ። መቅዳት ይጠቅማል፣ ግን እስከ መጀመሪያዎቹ 12 ባሮች ድረስ ይበቃል። የብሉዝ ጊታሪስቱን የአልበርት ኪንግን ሶሎ ለመቅዳት ስታገል ነው የገባኝ። ሰውዬው ግራኝ ነበር፤ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ፣ ወፍራሙን ክር ወደ ታች አድርጎ ነበር የሚጫወተው። እኛ ወደ ላይ የምንገፋውን ክር እሱ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ኖታው ይቀዳል፣ እጁ አይቀዳም። በዚህ ጋሼ ትንሽ ይበልጣሉ እላለሁ። ከመጫወት በፊት ማዜም እጄን ከለመደው መንገድ አስወጥቶኛል። ድምፄ ደግሞ አያድርስ ነው፤ በር ዘግቼ ነው የማዜመው።

ከዓመት በላይ ቆይቼ እዚያው ጃም ተመለስኩ። ያው ቀስ ያለ ብሉዝ፣ ያው ኤ። የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ቀነስኩ፣ የምጨምረው እንዲተርፈኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ላይ ሦስት ኖታ ብቻ ተጫወትኩ። ድራመሩ ጣሪያውን ትቶ ወደኔ ዞረ። ቤዚስቱ አየር ሳብ አድርጎ እያሳየኝ ሳቀ።

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስወርድ ክንዴን ያዙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሦስተኛዋ ትንሽ ወረደች» አሉኝ።