የአንበሳው ሃያ ሰዓት

አራተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ የክብ ሥዕል ሦስት አራተኛውን አቅልሚ ስትባል አትሳሳትም፤ «የ24 ሦስት አራተኛ ስንት ነው?» ስትባል ግን እርሳሷን አስቀምጣ ፊቴን ታያለች። የምን እንደሆነ ያልተነገረ ሃያ አራት ለልጅ ባዶ ቁጥር እንጂ የሚከፈል ነገር አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄደን በተመለስንበት ምሽት ግን «ለምን ሁልጊዜ ይተኛል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አንበሳ በዱርም ቢሆን ከሌትና ቀኑ 24 ሰዓት እስከ አምስት ስድስተኛ የሚሆነውን በእረፍት ሊያሳልፍ እንደሚችል ነገርኳትና ሰዓቱን ራሷ እንድታገኘው 24 ፍሬ ሽምብራ ሰጠኋት። ስድስት ቦታ አራት አራት አድርጋ ከፈለች፤ አምስቱን ክምር ስትሰበስብ ሃያ ሆነ። ታህቱ ስንት ቦታ እንደምንከፍል፣ ላዕሉ ደግሞ ስንቱን እጅ እንደምናነሣ የሚነግረን መሆኑን ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስቸገረኝም። ቀሪዋን ክምር «የአደን ሰዓት» ብላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

በማግስቱ ቁመቱ 540 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭኔ አንገቱ የቁመቱ ሲሶ ቢሆን ብዬ ጠየቅኋት፤ 180 ለማለት ሽምብራ አላስፈለጋትም። (ግማሽና ሩብን ከገበያ የሚያውቁ ልጆች ሲሶን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል።)

ከሁሉ የጠቀመን ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች እንደሚኖሩ ይገመታል። በባሌ ስንት አሉ ብዬ ስጠይቅ የእህቴ ልጅ ቸኩሎ «ከ250 በላይ!» አለ። እኔም መልሱን ሳዘጋጅ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን 500 ጣሪያው እንጂ ልኩ አይደለም። ጠቅላላው 400 ቢሆን ግማሹ 200 ስለሆነ፣ በባሌ 210 ብቻ ቢኖሩም «ከግማሽ በላይ» የሚለው እውነት ይሆናል። ስሕተቴን ነግሬያቸው ጥያቄውን እንዴት ላስተካክለው ስል፣ ልጄ ሽምብራዋን ወደ ከረጢቱ እየመለሰች «መጀመሪያ ሁሉም ይቆጠሩ፤ ከዚያ እከፍላቸዋለሁ» አለችኝ።